በማመልከቻ የሚያዘው ወንበር፦ የሚኒሶታ የጤና ሙያ ቦርዶችና የኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ድርሻ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ሆስፒታሎች፣ ነርሲንግ ሆሞችና ግሩፕ ሆሞች የሌሊቱን ፈረቃ ከሚሸፍኑት መካከል ኢትዮጵያውያንን ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ሥራውን የጀመሩት በረዳት ነርስነት ነው። ቀን እየተማሩ ሌሊት እየሠሩ ኤልፒኤን፣ ቀጥሎም አርኤን ሆነዋል። በአገር ቤት ነርስ ወይም ሐኪም የነበሩ፣ ሰነዳቸው እስኪመረመርና ፈተና እስኪያልፉ ድረስ ግን አልጋ በማንጠፍና አረጋውያንን በመደገፍ ዓመታት ያሳለፉም አሉ።

የእነዚህ ሰዎች እንጀራ በአንድ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በሙያ ፈቃዱ። ፈቃዱን የሚሰጠው፣ ቅሬታ ሲቀርብም የሚያግደው ወይም የሚነጥቀው የግዛቱ የሙያ ቦርድ ነው። በቦርዱ ጠረጴዛ ዙሪያ ማን እንደሚቀመጥና ወንበሩ እንዴት እንደሚያዝ ግን በማኅበረሰቡ መድረኮች ላይ እምብዛም አይነሣም። ለከተማ ምክር ቤትና ለግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ምርጫ ቤት ለቤት የሚዞረው ወጣት፣ ስለ ነርሲንግ ቦርዱ ክፍት ቦታ አንድም ወረቀት በእጁ አይዝም። ይህ ክፍተት መዘጋት ይኖርበታል፤ ለመዝጋት የሚያስፈልገው ሕግም በአብዛኛው አስቀድሞ ተጽፏል።

ወንበሩ ምን ሥልጣን አለው?

የሚኒሶታ ነርሲንግ ቦርድ ከተቋቋመ ከ1 መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው ሕግ ነው። ዛሬ ቦርዱ 16 አባላት አሉት። ስምንቱ አርኤን፣ አራቱ ኤልፒኤን፣ የቀሩት አራቱ ደግሞ ከሙያው ውጭ የሆኑ የሕዝብ አባላት ናቸው። እነዚህ 16 ሰዎች ከ1 መቶ ሺህ በላይ የሆኑ ነርሶችን ፈቃድ ይቆጣጠራሉ። የነርሲንግ ትምህርት ቤቶችን ፕሮግራም ያጸድቃሉ፤ ደንብ ያወጣሉ፤ በቅሬታ ላይ ይወስናሉ። ቅጣቱ ከተግሣጽ ጀምሮ ፈቃድን እስከ መገደብ፣ እስከ ማገድና እስከ መሰረዝ ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ ጥፋት እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ቅጣትም ሊጨመርበት ይችላል።

የሐኪሞች ጉዳይ የሚታየው በሌላ ቦርድ ነው። የሕክምና ሥራ ቦርዱም እንዲሁ 16 አባላት ሲኖሩት አምስቱ የሕዝብ አባላት ናቸው። ፋርማሲ፣ ጥርስ ሕክምና፣ ማኅበራዊ ሥራ፣ ሥነ ልቦናና ሌሎችም ሙያዎች የየራሳቸው ቦርድ አላቸው።

የቦርድ ውሳኔ በሩቅ ያለ የቢሮ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በውጭ አገር የተማረ ነርስ ምን ዓይነት ማስረጃ ማቅረብ እንዳለበት የሚወሰነው በሕጉና ቦርዱ ሕጉን በሚተረጉምበት መንገድ ነው። የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅቶች ሰነዱ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ። ለአብዛኛው አመልካች ይህ የአንድ ደብዳቤ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤቱ በጦርነት ለተዘጋበት፣ ስሙ ለተቀየረበት ወይም መዝገቡ ለጠፋበት ሰው ግን የዓመታት መቆም ማለት ነው። በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም.፣ በአካባቢው የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ምን እንደ ደረሰባቸው የሚያውቅ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ቢኖር፣ «ሰነዱ ለምን ዘገየ?» የሚለው ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት መልሱ በከፊል ይታወቅ ነበር።

በቅሬታ ምርመራም ያው ነው። ታካሚን ዝቅ ባለ ድምፅ ማነጋገር፣ አረጋዊን ቀና ብሎ አለማየት፣ አለቃ ሲናገር ዝም ብሎ ማዳመጥ፦ አንዱ አክብሮት የሚለውን ሌላው ግዴለሽነት ወይም መደበቅ ሊለው ይችላል። አባሉ ይህን ስላወቀ ጥፋተኛውን ነጻ ማውጣት አይጠበቅበትም፤ ጥፋትና የባህል ልዩነት እንዳይምታቱ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ሊጠይቅ ይችላል።

ምርጫ የለም፤ ማመልከቻ ግን አለ

በሚኒሶታ የጤና ሙያ ቦርድ አባላት በሙያተኞች ድምፅ አይመረጡም። የሚሾማቸው አገረ ገዥው ነው፤ የሥራ ዘመናቸውም አራት ዓመት ነው። ሹመቱ ግን በጓዳ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። የግዛቱ ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት ክፍት ቦታዎችን ለሕዝብ እንዲያስታውቅ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላም ማመልከቻ ለመቀበል 21 ቀን ይሰጣል። አመልካቹ ራሱን ማቅረብ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ማንኛውም ሰው ወይም ቡድን ሌላውን ሰው፣ ተጠቋሚው በጽሑፍ እስከ ተስማማ ድረስ፣ መጠቆም ይችላል። ይህች አንዲት ድንጋጌ ለማኅበራት፣ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለመስጊዶችና ለሙያ ማኅበራት የተከፈተች በር ናት።

ለነርስ አባላት የተቀመጠው መስፈርትም ከአቅም በላይ አይደለም። አመልካቹ የሚኒሶታ ነዋሪና ፈቃድ ያለው ነርስ መሆን፣ ከሹመቱ በፊት ባሉት ተከታታይ ዓመታትም ቢያንስ የአምስት ዓመት ልምድ ማካበት ይጠበቅበታል። ሕጉ ከስምንቱ አርኤኖች መካከል አንዱ፣ ከአራቱ ኤልፒኤኖችም መካከል አንዱ በነርሲንግ ሆም የሚሠራ እንዲሆን ያዛል። ኢትዮጵያውያን ነርሶች በብዛት የሚሠሩበት ዘርፍ ይኸው ነው። ስለዚህ በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ኤልፒኤን «እኔ ለዚህ አልመጥንም» ብላ ራሷን ከማግለሏ በፊት ሕጉ በስም የሚፈልገው እንደ እሷ ያለውን ሰው መሆኑን ልትገነዘብ ይገባል።

አራቱ የሕዝብ አባላት ወንበሮች ሌላ ትኩረት ይሻሉ። ሕጉ የሕዝብ አባል የሚለው የሙያው አባል ያልሆነን፣ ሆኖም የማያውቅን፣ የባለሙያ ባል ወይም ሚስት ያልሆነን፣ በዘርፉም የገንዘብ ጥቅም የሌለውን ሰው ነው። ዓላማው ቀና ነው፤ የሕዝቡ ዓይን ከሙያው ጥቅም ነጻ እንዲሆን ነው። ከየቤቱ አንድ ነርስ በሚወጣበት ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ይህ አንቀጽ ብዙ ብቁ ሰዎችን ከነርሲንግ ቦርዱ ያስቀራል። መፍትሔው ሕጉን ማላላት ሳይሆን አቅጣጫን ማስተካከል ነው፦ ሚስቱ ነርስ የሆነች መምህር የነርሲንግ ቦርዱ የሕዝብ አባል መሆን ባይችል፣ ለጥርስ ሕክምና ወይም ለማኅበራዊ ሥራ ቦርድ ለማመልከት የሚከለክለው ነገር የለም።

«ጊዜና ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አባላት ደመወዝ የላቸውም፤ የሚያገኙት መጠነኛ የቀን አበልና የወጪ ማካካሻ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን፣ በስብሰባ ምክንያት የሚመጣ ተጨማሪ የልጅ መጠበቂያ ወጪ በቦርዱ ፈቃድ ሊተካ እንደሚችል ሕጉ መደንገጉ ነው። በአንጻሩ ሦስት ተከታታይ ስብሰባዎችን የቀረ አባል ከቦታው ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ወንበሩን መመኘት ብቻ አይበቃም፤ ቀጣሪው ፈረቃ እንዲያስተካክል፣ ቤተሰቡም እንዲያግዝ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ምርጫ ይሻል ነበርን?

አንዳንድ የመብት ተሟጋቾች ሚኒሶታ ወንበሮቹን ለባለሙያዎች ምርጫ እንድትከፍት ይጠይቃሉ። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ምሳሌም አለው። በሰሜን ካሮላይና ነርሶች የቦርዳቸውን አባላት ራሳቸው ይመርጣሉ። ከ14ቱ አባላት 11ዱ በነርሶች ድምፅ የሚመረጡ ናቸው፤ ሦስቱ ደግሞ የሕዝብ አባላት ናቸው። ዕጩው ራሱን ያስተዋውቃል፤ ነርሱም ይመዝናል፤ ድምፁንም ይሰጣል። ይህ ለሙያው ክብርና የባለቤትነት ስሜት ይሰጣል።

ይኸው ግዛት ግን የምርጫን አደጋም አሳይቷል። የሰሜን ካሮላይና የጥርስ ሐኪሞች ቦርድ ስምንት አባላት ነበሩት፤ ስድስቱ በጥርስ ሐኪሞች፣ አንዱ በጥርስ ንጽሕና ባለሙያዎች የተመረጡ ሲሆኑ፣ አንዱ ብቻ በአገረ ገዥው የተሾመ የሕዝብ ተወካይ ነበር። ቦርዱ ከጥርስ ሐኪሞች ባነሰ ዋጋ ጥርስ የሚያነጡ ነጋዴዎች ሥራቸውን እንዲያቆሙ ቢያንስ 47 ደብዳቤዎችን ላከ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 በ6 ለ3 ድምፅ ወሰነ። የውሳኔው ፍሬ ሐሳብ ይህ ነው፦ አብዛኞቹ ወሳኞች በሚቆጣጠሩት ገበያ ውስጥ ራሳቸው ተወዳዳሪ የሆኑበት ቦርድ፣ ግዛቱ በንቃት ካልተቆጣጠረው በስተቀር ከፀረ ሞኖፖል ሕግ ከለላ አያገኝም። መርሑ በሹመት የተዋቀሩ ቦርዶችንም ይነካል፤ የመራጩና የተመራጩ ጥቅም አንድ ሲሆን የሚመጣውን ፈተና ግን ከዚህ ጉዳይ በላይ ያሳየ ጥቂት ነው።

በእንግሊዝም የተደረሰበት ድምዳሜ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሐኪሙ ሃሮልድ ሺፕማን ታካሚዎቹን መግደሉ ከተረጋገጠ በኋላ የተካሄደው ይፋዊ ምርመራ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርት የሐኪሞች ተቆጣጣሪ ምክር ቤቱን የምርጫ ሥርዓት ነቀፈ፤ በሐኪሞች ድምፅ የገባ አባል ከታካሚው ይልቅ ወደ መራጮቹ እንዲያደላ ይገፋፋል የሚል ነበር ሥጋቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ምርጫው ቀርቶ ምክር ቤቱ 12 ሐኪሞችና 12 የሕዝብ አባላት ያሉት፣ ሁሉም የሚሾሙበት አካል ሆነ። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ የጤና ሙያ ቦርዶችን ምርጫ በሹመት ለመተካት ወስናለች።

ከእነዚህ ልምዶች የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ቦርዱ የባለሙያዎች ጠበቃ ሳይሆን የሕዝብ ጤና ጠባቂ ነው። ለአነስተኛ ማኅበረሰቦች ደግሞ ምርጫ ሌላም ችግር አለው፦ ከ1 መቶ ሺህ በላይ መራጭ ባለበት መድረክ ስሙ የማይታወቅ፣ ለዘመቻ ገንዘብ የሌለው ስደተኛ ነርስ የማሸነፍ ዕድሉ የመነመነ ነው። ስለዚህ የሚኒሶታ የሹመት ሥርዓት መቀየር ያለበት ወደ ምርጫ ሳይሆን ወደ ተሻለ ሹመት ነው።

ከአገር ቤት የመጣ ልማድ

ማኅበረሰቡ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለቱ ምክንያት አለው። በኢትዮጵያ የሙያ ፈቃድ የመንግሥት ቢሮ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። በ1994 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 76 የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት ተቋቁሞ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 661 ግን የባለሙያዎች ቁጥጥር ከምግብና ከመድኃኒት ቁጥጥር ጋር በአንድ ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለለ። ፈቃድ ፈላጊው ባለሙያ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሄዳል፣ ወረቀቱን ያስገባል፣ ይጠብቃል። ከተቆጣጣሪው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ ደንብ ማርቀቅ ለብዙዎች የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

ይህ ልማድ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል። ከቦርድ የሚመጣ ደብዳቤ ከፍርድ ቤት መጥሪያ ባላነሰ ያስደነግጣል፤ በቦርዱ ስብሰባ ላይ መገኘትም አጉል ዓይን ውስጥ መግባት ይመስላል። እውነታው ግን ሌላ ነው። በሚኒሶታ የግልጽ ስብሰባ ሕግ መሠረት፣ የግለሰቦች የዲሲፕሊን ጉዳይ ከሚታይበት ክፍል በቀር፣ የቦርዶች ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። ማንም ገብቶ ተቀምጦ ማዳመጥ ይችላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል ለሌላ ጊዜ ይበጅ ይሆናል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ ነቅዟል።

ማኅበረሰቡ ደፍሮ በወጣበት ቦታ ውጤት አላጣም። ከጋምቤላ በስደት የመጣው ኦባላ ኦባላ እ.ኤ.አ. በ2020 በደቡብ ሚኒሶታ የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል። በውጭ አገር የሠለጠኑ ሐኪሞችን ጉዳይ በተመለከተም፣ የተሟጋቾች የዓመታት ጩኸት በ2014 (እ.ኤ.አ.) ግብረ ኃይል፣ በ2015 ደግሞ በግዛቱ ጤና ጥበቃ መምሪያ ሥር የሚመራ የድጋፍ ፕሮግራም አስገኝቷል። ሁለቱም ያስገኙት ሕግ ወይም ወንበር የመጣው በሩን ያንኳኳ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ፣ የቦርድ ወንበር በዘር ወይም በትውልድ አገር ሊታደል አይገባም የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው፤ የሚጠየቀውም እሱ አይደለም። ሕጉ ራሱ ግን ቦርዱ ልዩ ልዩ ልምዶችን እንዲይዝ አስቀድሞ ወስኗል፦ የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ፣ የዲግሪ ፕሮግራም መምህር፣ ከፍተኛ ሥልጠና ያለው ነርስ። በውጭ አገር ተምሮ በሚኒሶታ ፈቃድ ማግኘትም እንደ እነዚህ ሁሉ የሥራ ልምድ እንጂ የትውልድ ማንነት አይደለም። ፊሊፒናዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ሶማሌ ወይም ሕንዳዊ ነርስም ሊያሟላው ይችላል።

ሁለተኛው፣ የተሾመው ሰው ለወገኑ ያዳላል የሚል ሥጋት ነው። ሥጋቱ ለማንኛውም አባል የሚሠራ ሲሆን መልሱም ለሁሉም አንድ ነው፦ ከሚያውቀው ሰው ጉዳይ ራሱን ማግለል። ይህን ግዴታ ማኅበረሰቡም አምኖ መቀበል አለበት። ተሿሚውን «የእኛ ሰው» ብሎ በቅሬታ ጉዳይ ስልክ የሚደውልለት ወገን፣ ያንን ሰውም ሆነ ከእሱ በኋላ የሚያመለክተውን ሌላ ሰው ይጎዳል።

ምን ይደረግ?

ለሕግ አውጪዎችና ለባልደረቦቻቸው፦

1. የነርሲንግ ቦርዱን አወቃቀር የሚወስነው አንቀጽ ተሻሽሎ፣ ከስምንቱ የአርኤን ወንበሮች ቢያንስ አንዱ መሠረታዊ የነርሲንግ ትምህርቱን ከአሜሪካ ውጭ ላጠናቀቀ ባለሙያ ይመደብ። የአባላት ቁጥር መጨመር አያስፈልግም።

2. የግዛቱ ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት በየዓመቱ የሚያወጣው የሹመት ሪፖርት በየጤና ሙያ ቦርዱ ተለይቶ ይቅረብ፤ ስንት ሰው እንዳመለከተ፣ ወንበሩ ስንት ቀን ክፍት እንደ ቆየና ማን እንደ ተሾመ ያሳይ።

3. የክፍት ቦታ ማስታወቂያዎች የጤና ሠራተኞች በሚናገሯቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች፣ አማርኛን፣ አፋን ኦሮሞንና ሶማልኛን ጨምሮ፣ በአጭሩ ይሠራጩ።

4. የቀን አበሉ አንድ ፈረቃ የሚያስቀረውን ገቢ ከግምት ባስገባ መጠን ይታይ። ዛሬ ባለው አሠራር ቦርድ ላይ ለመቀመጥ የሚመቸው ቋሚ ደመወዝና ተለዋዋጭ ሰዓት ላለው ሰው ነው።

ለማኅበራትና ለተሟጋቾች፦

1. የሥራ ዘመኖች የሚያበቁት በጥር ወር መጀመሪያ በመሆኑ፣ ዝግጅቱ በመስከረም ይጀመር። ብቁ የሆኑ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ስም ዝርዝር፣ የሥራ ታሪካቸውና የድጋፍ ደብዳቤያቸው ተሟልቶ ይጠብቅ፤ 21 ቀን ሰው ለመፈለግ አይበቃም።

2. ማኅበሩ በስሙ ይጠቁም። አንድ ነርስ ለብቻዋ ከምታቀርበው ማመልከቻ ይልቅ በማኅበር የተደገፈው ጥቆማ ክብደት አለው።

3. የአገረ ገዥ ምርጫ በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል፤ 2018፣ 2022፣ 2026። ድምፅ ለመጠየቅ ወደ ማኅበረሰቡ አዳራሽ የሚመጣ ዕጩ ሁሉ ስለ ጤና ሙያ ቦርድ ሹመቶች ዕቅዱ ይጠየቅ፤ መልሱም ይመዝገብ።

ለባለሙያዎች ደግሞ መጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፦ ወደ አንድ የቦርድ ስብሰባ መሄድ። አጀንዳው እንዴት እንደሚነበብ፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ውሳኔ እንዴት እንደሚሰጥ አይቶ የተመለሰ ሰው፣ ማመልከቻውን ሲሞላ ምን እንደሚጽፍ ያውቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ አመልክቶ ያልተሾመም ተስፋ አይቁረጥ፤ ወንበሮቹ አንድ ጊዜ ተሞልተው የሚቀሩ አይደሉምና በሚቀጥለው ማስታወቂያ እንደገና ያቅርብ።

ቦርዱ በሚቀጥለው ስብሰባው ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ የመጣ የትምህርት ማስረጃ ፊቱ ይቀርብለታል። በዚያን ሰዓት በዙሪያው ከሚቀመጡት 16 ሰዎች መካከል ያንን ወረቀት ማንበብ የሚችል ሰው መኖር አለመኖሩ የሚወሰነው፣ ቀደም ብሎ በወጣው ማስታወቂያ በ21ዱ ቀን ውስጥ ማመልከቻ ያስገባ ሰው በመኖር አለመኖሩ ነው።